ለአንድ ድንኳን የሚበቃ ሜዳ

ጸዳለ አንድ ክፍል ገብታ ዞር ዞር ካለች ስፋቱን በካሬ ሜትር ትነግራችኋለች። ሜትር አታወጣም፣ በእርምጃም አትለካም። በር ላይ ቆማ ታይና «ሰባ ሁለት» ትላለች፤ ሲለካ ሰባ ሁለት ወይም ሰባ አንድ ተኩል ይሆናል። ይህ ችሎታ ከሰማይ አልወረደላትም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ወለል ስታጸዳ ኖራለች፤ በጽዳት ሥራ ደግሞ ሰዓት የሚሰፈረው በካሬ ሜትር ነው። አለቃ ወረቀት ላይ መቶ ብሎ ጽፎ መቶ ሠላሳ ሊያስጠርግ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ እንደዚያ ተሸወደች። ከዚያ ወዲህ የሸወዳት የለም።

እኔ በቃሉ እባላለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ። እዚሁ ኖርዌይ፣ ሊንደበርግ በሚባል ሰፈር፣ ከጸዳለ ብሎክ ፊት ለፊት እኖራለሁ፤ የእድራችንን ድንኳን የማስቀምጠውም እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጸዳለን ለማሞገስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥፋቴንም ልናገር ነው፤ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው እኔና መሰሎቼ በለጠፍነው አረንጓዴ ወረቀት ነውና።

መጀመሪያ ስለ ሜዳው ልንገራችሁ። ሊንደበርግ ዳገት ነው። ሣር ሞልቷል፤ ለጥ ያለ ሣር ግን የለም። ያለው አንድ ብቻ ነው፣ በጸዳለና በእኔ ብሎክ መካከል። ላላወቀው ባዶ ሣር ነው። ለእኛ የለቅሶ ሜዳ ነው። ሰው ሲሞትብን ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ደግሞ ሁለት መቶ ለቀስተኛ አይችልም። ስለዚህ ድንኳኑ ከምድር ቤት፣ እኛ ቦድ ከምንላት የዕቃ ማስቀመጫዬ ይወጣል፤ ስድስት ሜትር በአሥራ ሁለት ነው። ሜዳው ላይ ይተከላል፣ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ስለ ሟቹ ያወራል። በሦስተኛው ቀን ይነሳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ስናደርግ የከለከለን የለም፤ የፈቀደልንም የለም። ማንንም ጠይቀን አናውቅም።

ድንኳን ሲተከል መካከለኛውን ምሰሶ የሚይዘው የጸዳለ ባል ሀብቴ ነበር። የተገናኙት ካርቱም ውስጥ በስደተኞች ወረፋ ላይ ነው። አንድ ጎረምሳ ጸዳለን ገፍቶ ሊቀድማት ሲል እሷ ኮሌታውን ያዘችው፤ ሀብቴ ደግሞ ከኋላ «አትልቀቂው» ብሎ ጮኸላት። እሷ ሁልጊዜ «ያን ቀን ኮሌታ ስይዝ ባል ያዝኩ» ትል ነበር። ሀብቴ ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ሰልፍ የሚወድ ሰው ነበር። ለመምህራን ይሁን ለነርሶች፣ ከተማ ውስጥ ሰልፍ ካለ ፕላካት፣ መፈክር የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ተሸክሞ ይገኛል። አንድ ጊዜ ለዓሣ አጥማጆች ወጣ። «አንተ ከዓሣ ጋር ምን አገባህ?» ስለው «እበላው የለም እንዴ?» አለኝ። ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ሌሎቻችን ገመዱን ወጥረን እስክንጨርስ ምሰሶውን አቅፎ ይቆማል። አሥራ አንድ ድንኳን አብሬው ተክያለሁ።

በኮሮናው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሞተ። ሆስፒታል ገባ፣ ጸዳለ ልትጠይቀው አልተፈቀደላትም፣ በዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሐኪሙ ፈጥኖ ይናገር ነበርና አልገባትም፤ ስልኩን ለልጇ ለናታሊ ሰጠቻት። ናታሊ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የእናት አባቷን ደብዳቤ ሁሉ እየተረጎመች ያደገች ልጅ ናት። ሰማች፣ ከዚያ የአባቷን ሞት ወደ አማርኛ መልሳ ለእናቷ ነገረቻት።

ቀብሩ ላይ የቆምነው በቁጥር ነበር። ድንኳን አልተተከለም። የቀረነው መኪና ማቆሚያው ላይ ተራርቀን ቆመን፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ቀና ብለን እጅ ነሥተን ተመለስን። ጸዳለ ከላይ ሆና አየችን፤ አላለቀሰችም። በሳምንቱ ሥራ ገባች፣ ያኔ ጽዳት ሠራተኛ በጣም ይፈለግ ነበር። የሰው ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰው ያለ ድንኳን ሄደ። ይህን ነገር እሷም አላነሳች፣ እኛም አላነሳን።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ በየፖስታ ሳጥናችን ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ወረቀት ገባ። በብሎኮቹ መካከል ያለው ቦታ ፓርክ ሊሆን ነውና ነዋሪው መጥቶ ሐሳብ ይስጥ ይላል። ይህን እዚህ «ሜድቪርክኒንግ» ይሉታል፣ አብሮ መምከር እንደ ማለት ነው። ቃሉ ደስ ይላል። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድይራድ «ጠርተውን መቅረት ነውር ነው» አሉና አርባ ሰው ሆነን ሄድን። ጸዳለ የማታ ፈረቃ ስለነበረባት አልመጣችም።

የተቀበለችን ሲልዬ የምትባል ልጅ ናት፤ ፓርኩን በሚነድፈው ቢሮ ትሠራለች፣ ሠላሳ ቢሆናት ነው። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች ሰቅላለች፤ ልጆች የሚንሸራተቱበት የሣር ጉብታ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት አበባ የተተከለበት ጉድጓድ፣ ዥዋዥዌ። ለእያንዳንዳችን ትንንሽ ክብ ተለጣፊዎች ታደሉን። የወደድነው ላይ አረንጓዴ፣ ያልወደድነው ላይ ቀይ እንድንለጥፍ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጅቷ ለፍታ ሥላለች። ብስኩትና ጭማቂ አቅርባለች። በር ላይ ቆማ እያንዳንዳችንን ጨብጣለች። እሷ እያየችው ሥራዋ ላይ ቀይ የሚለጥፍ ምን ዓይነት ባለጌ ነው? እትዬ አፀደ ከፊቴ ነበሩ፤ «ውይ ልጄን፣ እጇ ይባረክ» እያሉ ሁሉም ሥዕል ላይ አረንጓዴ ለጠፉ። እኔም ለጠፍኩ። ጋሽ ወንድይራድማ አረንጓዴው አልቆባቸው ከእኔ ወስደው ለጠፉ። ቀዩን ሁላችንም ኪሳችን ከተን ወጣን። ከጉብታው ሥዕል ሥር የት እንደሚሠራ የምታሳይ ትንሽ ካርታ ነበረች። ማናችንም አላየናትም።

ነሐሴ ላይ ሪፖርቱ በየቤታችን መጣ። ጉብታው ከኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች ሙሉ ድጋፍ አግኝቷል፣ አርባ አረንጓዴ፣ አንድም ቀይ የለም ይላል። ካርታዋ አሁን ገጽ ሙሉ ሆናለች። ጉብታው ያረፈው የለቅሶ ሜዳችን ላይ ነው፣ የውኃው ጉድጓድም ከጎኑ።

ጸዳለ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ወረቀቱን ይዛ ደጄ ቆመች።

«በቃሉ፣ ይህን አረንጓዴ የለጠፈው ማነው?»

«ሁላችንም ነን» አልኳት።

«አርባ ሰው ሆናችሁ አንድ ኔይ፣ አይሆንም የሚል ጠፋ?»

«ይሉኝታ ያዘን። ልጅቷ ፊታችን ቆማ እንዴት ብለን…»

«ስለዚህ እኔ ስሞት ጉብታ ላይ ልትቀመጡልኝ ነዋ። ከላይ እየተንሸራተታችሁ ታለቅሱልኛላችሁ።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለን ነው» አልኩ፣ ነገሩን በቀልድ ላበርደው።

«ዝንብማ አልገባም። ጉብታ ነው የገባው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። «ሀብቴ ያለ ድንኳን ሄደ። ምን ይደረግ፣ በሽታ ነው አልኩ። አሁን ግን በሽታ የለም። አሁን ሜዳውን የሚቀማን የራሳችን እጅ ነው» አለች። ከሞተ ወዲህ ስሙን ስትጠራ መስማቴ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ እጇን ዘረጋችና «ቀዩስ የት አለ?» አለችኝ። ከጃኬቴ ኪስ አውጥቼ አንዱን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሁለተኛው ስብሰባ ፈረቃዋን ቀይራ ከናታሊ ጋር መጣች። ናታሊ አሁን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የነርስነት ትምህርቷን እየጨረሰች ነው። ጸዳለ ኖርዌጅኛ ትችላለች፤ «ስናደድ ይጠፋብኛል» ስለምትል ግን ለቁም ነገር ልጇን ትይዛለች። ሲልዬ ግድግዳው ላይ ሦስት ቃል ጽፋለች፤ ጨዋታ፣ እንቅስቃሴ፣ ዕረፍት። ሐሳባችንን ከሦስቱ ባንዱ ሥር እንድናስገባ ጠየቀች።

ጸዳለ እጇን አወጣች። «ለቅሶ የት ነው?»

ናታሊ እናቷን አየቻት፣ ከዚያ ተረጎመችው። ጸዳለ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ ሜዳው ዘርዝራ ተናገረች። ሲልዬ ሰምታ ስትጨርስ «ይህን ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ይህን ስትል እኔን ታያለች። እኔ ወለሉን አየሁ።

የነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ዓይነ ስውር ሰው እንኳ ኩሩነቱን ከድምፁ የሚያውቀው ሽማግሌ፣ ተነሣ። «ለዚህ ለዚህማ የሰፈሩ አዳራሽ አለ። ከሦስት ወር በፊት ማስያዝ ነው።»

«ሞት ከሦስት ወር በፊት አይናገርም» አለች ጸዳለ።

«ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ሰው ሲያለቅስ ማየት ለልጆቹ ጥሩ አይመስለኝም።»

«ልጆቹ አባት አይሞትባቸውም?»

ናታሊ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። ሰውየው ተቀመጠ። ሲልዬ ነገሩን ለማለዘብ ካርታው ላይ ሌላ ቦታ አሳየች፤ ከታች በኩል፣ መቶ ስልሳ ካሬ ሜትር ባዶ መሬት። ጸዳለ ያን መሬት በየቀኑ ወደ ባቡሩ ስትወርድ ታልፍበታለች። «ዘጠና ነው። ሌላውን ዳገቱ በልቶታል» አለች። ሲልዬ በትሕትና ፈገግ አለች። በሦስተኛው ቀን ለናታሊ ጻፈችላት፤ ሄዳ ብትለካው ለጥ ያለው ሰማንያ ዘጠኝ ሆኖ አግኝታዋለች። በዚያው ጽሑፏ መጨረሻ ላይም ቅዳሜ ከነዋሪዎች ጋር በእግር እየዞረች ቦታውን እንደምታይ፣ ውሳኔው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ገልጻ «የምትፈልጉትን እዚያው መሬቱ ላይ አሳዩኝ» ብላለች።

ጋሽ ወንድይራድ ቤት ተሰበሰብን። ጸዳለ ነገሩን ባጭሩ አቀረበች፤ ቅዳሜ ድንኳኑን እንትከል።

«ማን ሞቶ?» አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

«ማንም አልሞተም። ልጅቷ እንድታየው ነው።»

እትዬ አፀደ አማተቡ። «ሰው ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን? ሟርት ነው እኮ ልጄ። ባዶ ድንኳን ሰው ይፈልጋል።»

እኔም እሳቸውን ደገፍኩ። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ባዶ ድንኳን ሰው ቢፈልግ ወረፋው ለማን እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ጋሽ ወንድይራድ ፈረዱ። «ሰው ካልሞተ ድንኳን አይወጣም። ደንባችን ነው።»

ጸዳለ ተነሣች። የምትወጣ መስሎን ነበር።

«ሀብቴ አልሞተም?» አለች።

ፊታችንን በየተራ እያየች ቀጠለች።

«ለሀብቴ ድንኳን ተተክሏል? እዚህ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የወገኑን ድንኳን ሀብቴ ተክሎለታል። ጋሽ ወንድይራድ፣ የእርስዎ ባለቤት ያረፉ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። ምሰሶው ሥር የቆመው ማን ነበር?»

«ሀብቴ» አሉ ጋሽ ወንድይራድ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ባዶ ድንኳን አይደለም። ባለቤት አለው። አራት ዓመት ዘገየ እንጂ።»

ጋሽ ወንድይራድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ብዙ ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በቃሉ፣ ካስማዎቹ ሙሉ ናቸው?» አሉኝ።

ዓርብ ከሥራ መልስ ጸዳለና ናታሊ ሸራውን ሊያዩ ወደ ምድር ቤቱ መጡ። እኔ ውስጥ ካስማ እቆጥራለሁ፤ እነሱ ደረጃው ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ሰማሁ። መስማት አልነበረብኝም፣ ግን ሰማሁ።

«ማማ፣ ኔይ» ትላለች ናታሊ። «ፓፓን ፕላካት ልታደርጊው ነው? ለኮሙኑ ብለሽ?»

«አባትሽ ፕላካት ሳይዝ የዋለበት ቅዳሜ ነበር? ሰልፍ አለ ቢሉት ከሳጥኑ ይነሣል።»

«አትቀልጂ። አንቺ ሰማሽ፣ በቃ። እኔ መጀመሪያ መተርጎም ነበረብኝ። ከዚያ አንቺን መያዝ ነበረብኝ። ከዚያ ኤክሳመን ነበረኝ። መቼ ነው ያለቀስኩት?»

ጸዳለ ደረጃው ላይ ስትቀመጥ ልብሷ ተንኮሻኮሸ።

«እኔም አላለቀስኩም» አለች። «ወለል ጠረግኩ። ቀን ቀን እጠርጋለሁ፣ ማታ ቤቴን ደግሞ እጠርጋለሁ። ልጅቷ ትየው አትየው ግድ የለኝም ናታሊ። ነገ የሚተከለው ለእኔና ለአንቺ ነው። ሜዳው ባይኖር ግን የት እንተክለው ነበር? እሱን ነው የምላቸው።»

ቅዳሜ ሲነጋ ይዘንባል። ሸራውን ዘረጋነው፣ ምሰሶዎቹን ገጣጠምናቸው፣ ከዚያ ሁላችንም ቆምን። መካከለኛውን ማን ይያዘው? አንዱ አንዱን ያያል። ናታሊ የጃኬቷን ኮፍያ ደፍታ ገባችና ምሰሶውን በሁለት እጇ አቀፈችው። «ወጥሩ» አለችን። ወጠርን። እንደ አባቷ ንቅንቅ አላለችም። ድንኳኑ እንደ ድሮው ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው፤ እንደ ድሮውም ለገመዱ ቦታ ጠፋና በአንድ በኩል ካስማውን የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ መታነው።

ሰው መጣ። ከሮመን ሰፈር መጣ፣ ከላምበርትሴተር መጣ፣ ሀብቴ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ጸዳለን ቀና ብሎ ለማየት ያፍር የነበረ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከታችኛው ፎቅ ሐምዲያ ንፍሮውን በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። ሜዳው ላይ ጠዋት ጠዋት ያንን ዝግ ያለ ስፖርታቸውን የሚሠሩ ቻይናዊ አዛውንት አሉ፤ ወጥተው ድንኳኑን አዩ፣ ናታሊን ማን እንደሆነ ጠየቁ። «አባቴ» አለቻቸው። ተመልሰው ገቡ፤ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ታጣፊ በርጩማ ይዘው መጡና ጥግ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም በመጀመሪያው ስብሰባ በሥዕሎቹ ሁሉ ላይ አረንጓዴ እንደለጠፉ በኋላ ነገሩኝ።

ያን የዓሣ አጥማጆች ሰልፍ እኔ አነሣሁት። «እበላው የለም እንዴ?» ያለውን ስናገር ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ፤ ከሳቁ መሐል የጸዳለ ድምፅ ተለየ፣ ሳቅ አልነበረም። ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ናታሊ ጭኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያለቀሱትን ያህል ደስ አለኝ፤ እንዲህ ማለት ይከብዳል፣ ግን ደስ አለኝ።

ሲልዬ ጥላና የዝናብ ልብስ የያዙ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች አስከትላ የደረሰችው እንዲህ ሆነን ሳለ ነው። ሊቀ መንበሩም አብሯቸው ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ሲልዬ ወደ ናታሊ ጎንበስ ብላ በኖርዌጅኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ናታሊ ዓይኗን ጠርጋ መለሰችላት፣ ከዚያ ለእኛም በአማርኛ ደገመችው። «ዛሬ አላስተረጉምም። ዛሬ ለቀስተኛ ነኝ።»

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ። «ይህ መቼ ነው የሚነሣው?»

ጸዳለ ቀና አለች። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ኖርዌጅኛዋ ግን አልጠፋባትም። «ሰኞ» አለችው።

«ፈቃድ ሳይኖር እስከ ሰኞ…»

«ሰኞ» አለች ደግማ።

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ገሚሶቹም ተከተሉት። ጸዳለ ወደ ሲልዬ ዞራ ባዶውን አግዳሚ አሳየቻትና «ተቀመጪ» አለቻት። ሲልዬ በእትዬ አፀደና በእኔ መሐል ተቀመጠች። እትዬ አፀደ መዳፏን ይዘው ከፈቱና ንፍሮ አደረጉበት። ማስታወሻ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ አልከፈተችውም። የሚወራውን አንዱንም ሳትሰማ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ስትወጣ ከእኔ ተምራ «ነፍስ ይማር» ለማለት ሞከረች፤ ቃሉ ተሰባበረባት፣ ጸዳለ ግን «አሜን» አለቻት። ድንኳኑ ሰኞ ተነሣ።

ኅዳር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠራን። ያው አዳራሽ፣ ያው ብስኩት፣ ያው አረንጓዴና ቀይ። ሲልዬ አዲሱን ሥዕል ገለጠች። ጉብታው ወደ ታችኛው ተዳፋት ሄዷል፣ የውኃው ጉድጓድም ተከትሎታል። በሁለቱ ብሎኮች መካከል ንጹሕ ሣር፣ ለጥ ያለ አራት ማዕዘን፣ ሥሩ ላይ ስድስት በአሥራ ሁለት ተብሎ ተጽፎበታል። እትዬ አፀደ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ሁላችንም አረንጓዴያችንን በጣታችን ይዘን ተሰለፍን።

ጸዳለ ቀደመች። ሥዕሉ ፊት ቆማ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ያንን ከእኔ የወሰደችውን ቀይ አውጥታ ከሜዳው ጫፍ ላይ ለጠፈችው።

የሲልዬ ፊት ቀላ። «ኧረ በማርያም፣ ልጅቷ ስንት ደክማ!» አሉ እትዬ አፀደ። ናታሊ ልትተረጉም ስትነሣ ጸዳለ በእጇ ከለከለቻት፤ ራሷ በኖርዌጅኛ ተናገረች። አልተናደደችምና ቋንቋው አልጠፋባትም።

«ሥዕልሽ ጥሩ ነው። ገመድ ግን የለውም። ድንኳን ያለ ገመድ አይቆምም። በየጎኑ አንድ ሜትር ጨምሪ።»

«የእግረኛውን መንገድ ማዞር ማለት ነው» አለች ሲልዬ። «ይህን ያህሉን ያገኘሁት እንኳ በስንት ክርክር ነው። ስድስት በአሥራ ሁለት አይበቃም?»

«ለሀብቴ ስንት ሰው እንደመጣ አይተሻል። የሚቀጥለው ምናልባት የእኔ ነው። እኔ ከሀብቴ የበለጠ ሰው አውቃለሁ።»

ሲልዬ ትሳቅ አትሳቅ አላወቀችም። ሰልፉ ቆመ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እኔ ስንት ነገር ሳልናገር እንደቀረብኝ ያን ጊዜ ታሰበኝ። አረንጓዴውን ኪሴ ከተትኩና ቀይ አነሣሁ። አላፈርኩም ብል ውሸቴን ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ለሰው ፊት ለፊት ኔይ ያልኩት ያን ቀን ነው። ከእኔ ቀጥሎ ጋሽ ወንድይራድ ለጠፉ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ቻይናዊው አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው ቦታውን መርጠው ለጠፉ። እትዬ አፀደ መጨረሻ ላይ ቀሩ። ሄደው መጀመሪያ ሲልዬን ሁለቱን ጉንጭ ሳሟት፣ ከዚያ ተመልሰው ቀዩን ለጠፉ።

ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ዞረ። ሲልዬ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ሜትር ይዛ የሜዳውን ጥግ በችካል ስትመታ እኔና ጸዳለ በረንዳዋ ላይ ቆመን እናያለን። ጸዳለ ዓይኗን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሰደችና «መቶ አሥራ ሁለት» አለች። ሲልዬ ከታች ቀና ብላ የለካችውን ጮክ ብላ ነገረችን። መቶ አሥራ ሁለት።

«እንግዲህ ሁሉ ተሟልቷል። የቀረን መሞት ብቻ ነው» አልኳት።

«ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። «መጀመሪያ ሣሩ ይብቀል።»